ሳይቃጠል በቅጠል
የጓሮ አትክልትን ከሌሊት ውርጭ ስለ መጠበቅ

አንባቢ ሆይ፤ በኅዳር ወር አንድ ቀን ማለዳ ከመኝታህ ተነሥተህ ወደ ጓሮህ ብትወጣ፣ ትናንት ማታ ለምለም ሆኖ የተውኸው የድንች ቅጠል ጠቁሮና ተኰማትሮ፣ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ብታገኘው ምን ትላለህ? በመጀመሪያ ጐረቤትህን ትጠረጥር ይሆናል። ቀጥሎም ተባይ ነው ትል ይሆናል። ጐንበስ ብለህ ሣሩን ስትመለከት ግን፣ በሣሩ ጫፍ ላይ እንደ ጨው የተነሰነሰ ነጭ አመዳይ ታያለህ፤ ያን ጊዜ ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ ይገለጥልሃል። ወንጀለኛው ውርጭ ነው።

ይህ ነገር እኔን የደረሰብኝ በአምበር ነው። አምበር በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ትምህርቴን ጨርሼ በመምህርነት እንደ ተመደብሁ፣ ባላቸውን በሞት ካጡ ከአንዲት አሮጊት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከወር እስከ ወር እንዴት እየተንገዳገደች እንደምትደርስ አንተም ታውቀዋለህና፣ የወጡን ወጪ ለማቃለል ብዬ ከጓሮው ጥግ ጥቂት መሬት ለመንሁ። እማሆይም በግቢው ታችኛ ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን ሰጡኝ። ድንችና ቲማቲም ተከልሁበት። ውኃ አጠጣሁት፤ አረምሁት፤ ለባልንጀሮቼም በኵራት አሳየኋቸው። ከዚያም በአንዲት ሌሊት ሁሉም ከሰል ሆነ።

ይልቁንም ያሳፈረኝ፣ በላይኛው በኩል ያለው የእማሆይ ድንች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ቆሞ ማየቴ ነበር።

«መምህር፣ ማታ ሰማዩን አላየኸውምን?» አሉኝ። «ከዋክብቱ እንዲያ ሲጠሩ፣ ነፋሱም ዝም ሲል ውርጭ ይመጣል። እኔስ የኔን አልብሼው አደርሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው፣ «አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ታውቃለህ ብዬ ነዋ!» ብለው መለሱልኝ።

እኔ የጠፋብኝ የወጥ ድንች ብቻ ነበረ። በዚያው ሳምንት ግን በ10ኛ ክፍል ከሦስተኛው ወንበር አንድ ተማሪዬ ጠፋ። ይህ ልጅ ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። የቤቱን ኪራይና የደብተሩን ዋጋ የምትከፍለው እናቱ ናት፤ የምትከፍለውም በወንዝ ዳር በመስኖ ከተከለችው ድንች ሽያጭ ነው። ያች ሌሊት የእናቱንም ማሳ መታችው። ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ ድንጋይ ለመሸከም ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እጁ ተሰነጣጥቆ፣ ፈተና አምልጦት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውርጭን የገበሬ ጠላት ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጠላት አድርጌ ቈጠርሁት፤ ጠባዩንም ለማጥናት ቈረጥሁ። ያገኘሁትንም እነሆ አካፍልሃለሁ።

ውርጭ መቼና ከወዴት ይመጣል?

ስለ ውርጭ በውጭ አገር መጻሕፍት የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አውሮፓ ነው። በዚያ ብርዱ አለፈ ተብሎ ዛፉ ካቈጠቈጠ በኋላ በድንገት የሚመለስ ውርጭ አለ። የጀርመን ገበሬዎች በፈረንጆች አቈጣጠር ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀኖች «የበረዶ ቅዱሳን» ብለው ይጠሯቸዋል፤ እነዚህ ቀኖች ሳያልፉም ለስላሳ ችግኝ ወደ ውጭ ማውጣት አይወዱም።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወራት መፀው ይባላል፤ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፣ እህሉ የሚያፈራበት ጊዜ ነው። የእኛ ውርጭ የሚያደባው በዚሁ በአበባው ወራት ውስጥ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስም ይመላለሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ተረትም ስለዚሁ ብርድ ነው። በዚህ ጊዜ ባቄላው ያብባል፤ ዘግይቶ የተዘራው እህል ገና ፍሬውን አላጠነከረም፤ በመስኖ የተተከለው አትክልት ደግሞ ገና ለጋ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በእነዚህ ወራት ስለ ሌሊት ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ብታዳምጥ፣ የደብረ ብርሃንን፣ የመሐል ሜዳን፣ የወገል ጤናን ስም ደጋግመህ ትሰማለህ።

አሁን የውርጭን ምሥጢር ተመልከት። ቀን ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች። ሌሊት ደግሞ መሬት ያን ሙቀት ዓይን በማያየው ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ሰማዩ ደመና የለበሰ እንደ ሆነ፣ ደመናው ሙቀቱን ይቀበልና ከፊሉን መልሶ ወደ ምድር ይልካል፤ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ስለዚህ ነው በሐምሌ ሌሊት ቢበርደንም ውርጭ የማናየው። በኅዳር ግን ሰማዩ ይጠራል፤ አየሩም ይደርቃል፤ ሙቀቱን የሚይዝለት የለም። ቅጠል ቀጭን በመሆኑ ከሁሉ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከከበበው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ስል ሁለት የሙቀት መለኪያ ይዤ አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ነቅቼ አደርሁ። አንዱን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጌ በእንጨት ላይ አሰርሁት፤ ሁለተኛውን በሣሩ ላይ አጋደምሁት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የላይኛው 4 ዲግሪ ሲያሳይ፣ በሣሩ ላይ ያለው ዜሮ ደርሶ ነበር። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህን ልብ በል! በራዲዮ «የሌሊቱ ቅዝቃዜ 4 ዲግሪ ነው» ሲባል ብትሰማ፣ ያ ቍጥር የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ውስጥ በተቀመጠ መለኪያ ነው። የአንተ ድንች ግን የሚያድረው በመሬት ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ሁለተኛውም ምሥጢር ይህ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህም እንደ ውኃ ቍልቍለቱን ይዞ ይወርዳል፤ ረባዳ ስፍራ ሲያገኝም ይተኛል። በአጠቃላይ 100 ሜትር ሽቅብ በወጣህ ቍጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ላይ ያለች ስትሆን፣ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4000 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ሒሳብ የጮቄ ራስ ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው አገሩን ሲከፍሉ የመጨረሻውን ከፍተኛ ስፍራ ራሱን «ውርጭ» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ ከኮረብታው ወገብ ይልቅ የሸለቆው ሥር ይበርዳል። የእኔ መደብ ከእማሆይ መደብ አሥር እርምጃ ያህል ብቻ ዝቅ ያለ ነበር፤ የቀዝቃዛውም አየር መጠራቀሚያ ሆነ። አጥሩም በታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ ስለ ነበረ እንደ ግድብ ቆመበት።

ሰዎች «ውርጭ አቃጠለው» ይላሉ፤ አባባሉም ከእውነት የራቀ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ በሕዋሶቹ መካከል ያለው ውኃ ሲረጋ፣ በረዶው ከሕዋሶቹ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፤ ስስ ሽፋናቸውም ይበላሻል። በእሳት እንደ ተለበለበ የሚጠቍረው ስለዚህ ነው።

የማታ ምልክቶች

ውርጭ ሌባ ነው፤ ነገር ግን ደጅ ሳያንኳኳ አይገባም። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ወደ ውጭ ወጥተህ አራት ነገር ተመልከት። ሰማዩ ደመና የለውምን? ነፋሱስ ቆሟልን? ጢስ ከጎጆው ጣራ በላይ ጥቂት ወጥቶ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይቆማልን? ፀሐይ እንደ ገባች ብርዱ ቶሎ ወደ አጥንትህ ይገባልን? እነዚህ አራቱ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ቅጠልህን ሳታለብስ አትተኛ። ነፋስ የሚነፍስ ከሆነ ግን የላይኛውን ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለሚያደባልቀው ሥጋትህ ይቀንሳል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የምትተክልበትን ስፍራ ምረጥ። ለለስላሳው አትክልት ከረባዳው ይልቅ ጋደል ያለው መሬት ይሻላል። ከድንጋይ ግንብ አጠገብ ያለ መደብ የበለጠ ዕድል አለው፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋልና። በግቢህ ታችኛ በኩል ያለውን አጥር ከሥሩ ክፈት አድርገው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት በር ይሁንለት። አጥር ማጥበቅ የሚገባህ በላይኛው በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ ተክሎችህን ለይተህ እወቃቸው። ጐመን፣ ጥቅል ጐመን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ቦሎቄና በቆሎ ግን አይችሉም። ስለዚህ ረባዳው ለጐመኑ፣ ጋዳላው ለድንቹ ይሁን። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝም በዳስ ሥር በመደብ እየተጠበቀ ቆይቶ፣ የጥር ብርድ ሲሰበር ቢተከል መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ውርጭ በሚያሠጋበት ቀን ረፋዱ ላይ መሬቱን አጠጣ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊትም ወደ ላይ ይለቃል። አፈሩን በዚያን ሰሞን አትኰትኵተው፤ የተኰተኰተ ደረቅ አፈር ሙቀቱን ከሥር ወደ ላይ አያሳልፍምና። በመስመሮቹ መካከል በመሬቱ ላይ የተነጠፈ ገለባ ካለም ለጊዜው አንሣው። ገለባ በተክሉ ራስ ላይ ሲሆን ልብስ ነው፤ በአፈሩ ላይ ሲሆን ግን ሙቀቱን የሚቆልፍ ክዳን ነው።

አራተኛ፣ ማታ አልብሰው። ጆንያ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ጭድ፣ ቅርጫት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከእነዚህ ያገኘኸው ሁሉ ይበቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው በጓሮ ሥራ ቃል በቃል እውነት ነው። ነገር ግን ይህን አስተውል፤ ልብሱ ከራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚጠቅመው ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት በመያዝ ነው። ስለዚህ እስከ መሬት ድረስ ይውረድ እንጂ በግንዱ ላይ አይታሰር፤ ብርዱ ሳይጠና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይልበስ። ላስቲክ የምትጠቀም ከሆነ በእንጨት ደግፈው፤ ቅጠሉን የነካበት ስፍራ ይቃጠላልና። ጧት ከ2 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ ግለጠው።

አምስተኛ፣ ጀሪካንህን አሠራው። ቀን ውኃ ሞልተህ በፀሐይ አቁመው፤ ማታ ከልብሱ ሥር በተክሎቹ መካከል አስገባው። 20 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ 300 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ለአካባቢው ይሰጣል። አንድ ሳንቲም አያስወጣህም።

ስድስተኛ፣ በጢስ አትመካ። በብዙ ስፍራ እርጥብ እበትና ቅጠል እያጨሱ ውርጭን ለማባረር ሲደክሙ አይቻለሁ። የጢስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለ ሆነ የሙቀት ጨረርን እንደ ደመና ሊይዝ አይችልም። የሚረዳው ጢሱ ሳይሆን የእሳቱ ሙቀት ነው፤ እሳትም ቢሆን አንድ ትልቅ ከማንደድ ብዙ ትንንሽ ማንደድ ይሻላል። ትልቁ እሳት ሞቃቱን አየር ሽቅብ ወርውሮ ከዙሪያው ቀዝቃዛውን ወደ ራሱ ይጎትታል።

በሌላውስ አገር?

ይህ መከራ የእኛ ብቻ እንዳይመስልህ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ. ም. በአፕሪል መጀመሪያ ሳምንት በፈረንሳይ አገር ከሞቃት ቀኖች በኋላ ብርቱ ውርጭ መጣ፤ ያቈጠቈጠውን ወይንና የፍራፍሬ ዛፍ መታው። ገበሬዎቹ በወይኑ መስመሮች መካከል እጅግ ብዙ የሰም መብራት አብርተው ሌሊቱን ሲከላከሉ አደሩ፤ ብዙዎቹም አልሆነላቸውም። በ1975 ዓ. ም. በጁላይ ወር ደግሞ በብራዚል በፓራና ክፍለ አገር የወደቀው ውርጭ የቡናውን ዛፍ ስላጠፋው፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በብዙ እጥፍ ወጣ። አንዲት ሌሊት የዓለምን ገበያ ልታናውጥ የምትችል ከሆነች፣ የአንዲትን እናት የገበያ ቀን ብታናጋ ምን ያስደንቃል?

ስለ ድንች ከተነሣ አይቀር፣ ይህ ተክል ወደ አገራችን የገባው በ1858 ዓ. ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። የጥንት አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በዚያም በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ 3800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የጥንት ገበሬዎች ውርጭን የሚያሸንፉበት ጥበብ ነበራቸው። መደቡን ከፍ አድርገው ይሠሩና በመደቦቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦይ ቈፍረው ውኃ ይሞሉበታል። ውኃው ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ለተክሉ ያካፍላል። የእማሆይ ጀሪካንና የአንዲስ ቦይ ሥራቸው አንድ ነው። ወንዝ ዳር መስኖ ያለው ገበሬም ይህን ቢሞክር አያጣበትም።

ውርጭ ከመታ በኋላ

ምንም ብትጠነቀቅ አንዳንድ ሌሊት ይቀድምሃል። ያን ጊዜ በቍጣ ተነሥተህ ተክሉን አትንቀል፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ነቅዬ ጥያለሁና ጥፋቴን ከእኔ ተማር። የማለዳ ፀሐይ በድንገት እንዳያገኘው ለጥቂት ሰዓት አጥላለት። የጠቈረውንም ቅጠል ወዲያው አትቍረጥ፤ ለሥሩ ልብስ ይሆነዋል። ድንች ቅጠሉ ቢቃጠልም ከመሬት በታች ያለው ብዙ ጊዜ በሕይወት ይኖራልና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ምርቱ ይቀንሳል፤ ግን ባዶ አይሆንም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ሲገባ፣ ከዚያ ተማሪዬና ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ እናቱ ማሳ ወረድን። የታችኛውን አጥር ከፈትን፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ቈፈርን፤ ጭድና ጆንያ በአጠገቡ ከመርን። እናቲቱ በመጀመሪያ «የተማሪ ጨዋታ ነው» ብላ ሳቀችብን፤ ውኃ ግን ከልክላን አታውቅም። በዚያ በጋ ውርጭ ሁለት ጊዜ መጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ሰማዩን አይተን ነበርና ማሳው ለብሶ አደረ፤ ጭዱ ያልደረሰላቸው የዳርቻዎቹ መስመሮች ሲጠቍሩ መካከሉ ተረፈ። በሁለተኛው ጊዜ ማታ ደመና ስለ ነበረ ተዘናግተን ተኛን፤ ደመናው ግን ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ተገለጠና ሌሎች ሦስት መስመሮች ሄዱብን። የቀረው ለገበያ ደረሰ። ብዙ አልነበረም፤ ለቤት ኪራይና ለደብተር ግን በቃ። ተማሪዬም ያን ዓመት ከወንበሩ ሳይጠፋ ተማረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አንተ በቢሮ ጸሐፊ ብትሆን ወይም በአዳሪነት የምትማር ብትሆን፣ ዘመዶችህ በደጋ አገር ጓሮ ያላቸው ከሆኑ ይህን ነገር ንገራቸው። ስትነግራቸውም መጀመሪያ ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ ምልክቱን ከአንተ ይልቅ ያውቁታል። የእኛ ፈንታ ምክንያቱን መጨመርና ጆንያውን አብሮ መሸከም ነው። እኔም ዛሬ እማሆይ «ሰማዩን አየኸውን?» ሲሉኝ፣ መለኪያውን ሳልመለከት በፊት ጭዱን ለማንሣት እነሣለሁ።